ቁልፉ ሸሚዙን አይሰፋም፦ የራይቦኑክሊዬዝ ጉዳይ

በአንድ ቱቦ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ለዓይን ከውሃ አይለይም። ውስጡ ግን ሥራውን ያቆመ ኢንዛይም ሟሙቷል። ቅርጹ ፈርሷል፤ ተጠቅልሎ የነበረው ክር ተዘርግፏል። ቅርጹን ያፈረሱት ኬሚካሎች ከፈሳሹ እንዲወጡ ይደረጋል። ከዚያ አየር እያገኘው ዝም ተብሎ ይተዋል። ማንም አይነካካውም። በማግስቱ ሲለካ ኢንዛይሙ ሥራ ጀምሯል። ያውም እንደ ድሮው፣ ከሞላ ጎደል መቶ በመቶ።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ባለው ብሔራዊ የጤና ተቋም ነው። ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የቡድኑ መሪ ክርስቲያን አንፊንሰን ነበር። ሥራው በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ግማሽ አስገኝቶለታል።

ጉዳዩ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ብዙ ጊዜ ግን በሁለት አንቀጽ ተነግሮ ይታለፋል። ነገሩ ያለው ደግሞ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው። እሱ ከተዘለለ ተማሪው አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ይሄዳል፤ "ፕሮቲንን ቅርጽ የሚያስይዘው ዳይሰልፋይድ (የሁለት ሰልፈሮች ትስስር) ነው፤ ጠንካራው እሱ ነዋ!" የሚል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማስበው።

ባለጉዳዩ

ራይቦኑክሊዬዝ ኤ ከከብት ቆሽት የሚገኝ ኢንዛይም ነው። ሥራው በሴል ውስጥ የዘር መልእክት የሚሸከመውን ሞሌኪውል፣ አር ኤን ኤን፣ መቆራረጥ ነው። ከፕሮቲኖች መሃል ትንሽ የሚባል ነው፤ 124 አሚኖ አሲዶች በአንድ ክር ላይ። ሞዘስ ኩኒትዝ በ1940 ክሪስታል አድርጎ አወጣው። በኋላ አርሞር የተባለው የቺካጎ ሥጋ አቀነባባሪ ኩባንያ አንድ ኪሎ ያህል አጣርቶ ለተመራማሪዎች ትንሽ ትንሽ በነጻ አደለ። አንዳንድ ሞሌኪውል ዝነኛ የሚሆነው ልዩ ስለሆነ አይደለም፤ እጅ ላይ ስለተገኘ ነው።

ይሄኛው ግን ልዩም ነው። ግትር ነው። ብታፈሉት ለጊዜው ይፈርሳል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠቀለልና ሥራውን ይቀጥላል። አር ኤን ኤ የሚያጠኑ ሰዎች ጓንት ደጋግመው የሚቀይሩትና ዕቃቸውን ሁሉ በጥርጣሬ የሚያዩት የዚህን ኢንዛይም ዘመዶች ፈርተው ነው።

ምን ይዞት ነው እንዲህ የሚጸናው?

መጀመሪያ የክሩ የራሱ ስፌት አለ፤ ፔፕታይድ ትስስር። የአንዱ አሚኖ አሲድ ካርቦን ከቀጣዩ ናይትሮጅን ጋር ይያያዛል። 124 አሚኖ አሲድ ካለ 123 ፔፕታይድ ትስስር አለ ማለት ነው። ይህ ትስስር ነጠላም ድርብም አይደለም፤ መሃል ቤት ነው። ርዝመቱ 1.33 አንግስትሮም ገደማ ነው (አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው)። ተራው የካርቦንና የናይትሮጅን ነጠላ ትስስር ግን 1.47 ይደርሳል። በዚህ ምክንያት እንዳሻው አይሽከረከርም። ዙሪያው ያሉት ስድስት አቶሞች አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ክር ክር እያልኩ ብጽፍም፣ ቀረብ ብሎ ላየው በማጠፊያ የተያያዙ ትንንሽ ሳንቃዎችን ነው የሚመስለው። መታጠፍ የሚችለው ማጠፊያው ላይ ብቻ ነው።

ጥንካሬው ሌላ ነው። ያለ ኢንዛይም እርዳታ በተራ ውሃ ውስጥ በራሱ እስኪበጠስ መቶዎች ዓመታት ይፈጃል። ሰው መበጠስ ሲፈልግ በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይቀቅለዋል። በአንፊንሰን ሙከራ ውስጥ ይህ ትስስር አንድም ጊዜ አልተነካም። ይህን ያዙልኝ።

ቀጥሎ ዳይሰልፋይድ አለ። ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ጫፉ ላይ ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ አለው። ሁለት ሲስቲኖች ተጠጋግተው ሃይድሮጅናቸውን ሲያጡ ሰልፈሮቻቸው ይያያዛሉ። ጉልበቱ በሞል 60 ኪሎካሎሪ አካባቢ ነው። ራይቦኑክሊዬዝ ስምንት ሲስቲኖች አሉት፤ ስለዚህ አራት ዳይሰልፋይድ። ማን ከማን ጋር እንደተያያዘም ይታወቃል። 26ኛው ከ84ኛው፣ 40ኛው ከ95ኛው፣ 58ኛው ከ110ኛው፣ 65ኛው ከ72ኛው ጋር ነው። ይህን ለይተው ያወጡት ስታንፎርድ ሙርና ዊልያም ስታይን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ነው። የ1972ቱን ሽልማት ሌላኛውን ግማሽ የተካፈሉትም እነሱ ናቸው።

የቀሩት ደካሞቹ ናቸው። በክሩ ጀርባ ላይ ያለው ኦክስጅን ራቅ ካለ ቦታ የመጣ ሃይድሮጅንን ይስባል፤ ሃይድሮጅን ትስስር። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ጫፍ ኔጋቲቩን ይፈልጋል፤ አዮናዊ ትስስር። ውሃ የማይስማማቸው የአሚኖ አሲድ ጎኖች ደግሞ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ዘይት ውሃ ላይ ስታፈሱ ጠብታዎቹ እንደሚሰባሰቡት ማለት ነው። ይሄ የመጨረሻው ለነገሩ ትስስር እንኳ አይባልም። ማንም ማንንም አልያዘም፤ ውሃው ገፍቶ ነው ያሰባሰባቸው። ግን ዋልተር ካውዝማን በ1959 አጥብቆ እንደተከራከረው፣ ፕሮቲን እንዲጠቀለል ትልቁን ግፊት የሚሰጠው ይሄው ነው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። ተራ ፕሮቲን ተጠቅልሎ መቆየትን ከመዘርገፍ የሚመርጠው በሞል ከ5 እስከ 15 ኪሎካሎሪ በሚሆን ልዩነት ብቻ ነው። ለመላው ሞሌኪውል! አንዲት የሰልፈር ትስስር ብቻዋን ከዚህ ብዙ እጥፍ ናት። መጀመሪያ ሳየው የትየባ ስህተት መስሎኝ ነበር። አይደለም። የተዘረገፈውም ክር ባዶ እጁን አልቀረም፤ ከውሃው ጋር የራሱን ሃይድሮጅን ትስስሮች ይፈጥራል። በዚያ ላይ እንደፈለገ የመወራጨት ነጻነት አለው። ስለዚህ ሁለቱ ጎኖች ሊተካከሉ ትንሽ ነው የሚቀራቸው።

ማፍረስና መተው

አንፊንሰንና ባልደረቦቹ ኢንዛይሙን በሁለት ነገር አፈረሱት። አንዱ ዩሪያ ነው፤ ያው ማዳበሪያው ዩሪያ። መጠኑ 8 ሞላር ነው። ይህም በአንድ ሊትር 480 ግራም ማለት ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ፈሳሹ ውሃ በዩሪያ ሳይሆን ዩሪያ በውሃ የተበረዘ ይመስላል። በዚህ ሁሉ ዩሪያ መሃል ደካሞቹ ትስስሮች አቅም የላቸውም። ሃይድሮጅን ትስስሩን ዩሪያው ይሻማዋል፤ ውሃ የሚሸሹትም ጎኖች የሚሸሹበት ምክንያት ይቀንሳል።

ሌላው ቤታ ሜርካፕቶኢታኖል ነው። ክዳኑ ሲከፈት የገማ እንቁላል የመሰለ ሽታ ክፍሉን ይሞላል። እሱም ሰልፈር ያለበት ትንሽ ሞሌኪውል ነው። ሥራው ዳይሰልፋይዶቹን ፈትቶ ሃይድሮጅናቸውን መመለስ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ደካማውም ጠንካራውም ይለቃል። ፔፕታይድ ትስስሩ ብቻ ይቀራል። ኢንዛይሙ ሥራውን ጨርሶ ያቆማል።

ከዚያ ሁለቱም ኬሚካሎች እንዲወጡ ተደረገ። ፈሳሹ ፒኤች 8 አካባቢ፣ ማለትም ትንሽ ወደ ቤዝ ያደላ ነው። በዚህ ፒኤች ከሲስቲኖቹ የተወሰኑት ሃይድሮጅናቸውን ጥለው ለመያያዝ ዝግጁ ይሆናሉ። የአየሩ ኦክስጅን የቀረውን ይጨርሳል። አራቱ ዳይሰልፋይዶች ተመለሱ፤ ሥራውም ተመለሰ።

እንዴት ያለ ዕድል ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ዕድሉን እናስላው። ስምንት ሲስቲኖች አሉ። አንዷን አንሱ፤ ከቀሩት ሰባት ከየትኛዋም ጋር ልትያያዝ ትችላለች። ስድስት ቀሩ። ከእነሱ አንዷን ስታነሱ አምስት ምርጫ አላት። ቀጣይዋ ሦስት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምርጫ የላቸውም። 7 በ5 በ3 ሲባዛ 105 ነው። ከ105 አያያዞች ትክክለኛው አንድ ብቻ ነው። በጭፍን ቢሆን ኖሮ ሥራው የሚመለሰው ወደ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር አስተዋሉ። ነጻ ሰልፈሮቹ ቶሎ ነው የሚያልቁት። ሥራው ግን ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ የተፈጠሩት ዳይሰልፋይዶች ብዙዎቹ ስህተት ነበሩ ማለት ነው። በኋላ ተፈትተው እንደገና ተያያዙ።

የተዛነፈው ሸሚዝ

ሸሚዝ ስትለብሱ የመጀመሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ብትከቱት ምን ይሆናል? ቁልፎቹ ይቆለፋሉ። አንድ በአንድ ካያችኋቸው ጥፋት የለባቸውም። ሸሚዙ ግን ተዛንፏል። ኮሌታው ወዲያ፣ ጫፉ ወዲህ።

ኤድጋር ሄበርና አንፊንሰን በ1962 ባወጡት ሥራ፣ ማለትም በሁለተኛው ሙከራ፣ የሆነው ይሄው ነው። የተፈታውን ኢንዛይም ዩሪያው ውስጥ እንዳለ አየር እንዲያገኘው አደረጉ። ሰልፈሮቹ ተያያዙ። አራት ዳይሰልፋይድ፣ ቁጥሩ ሙሉ። ዩሪያው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ውጤቱስ? ሥራው 1 በመቶ አካባቢ። ከ105 አንድ!

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጠንካራው ትስስር ሙሉ በሙሉ አለ። ፔፕታይዱም አለ። የጎደለ አቶም የለም። ኢንዛይሙ ግን አይሠራም። ሥራውን የሚሠሩት ሦስት አሚኖ አሲዶች፣ 12ኛውና 119ኛው ቦታ ላይ ያሉት ሂስቲዲኖች ከ41ኛው ላይሲን ጋር፣ አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ በተዛነፈው ሞሌኪውል ውስጥ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ነው። ዳይሰልፋይድ የያዘውን አጥብቆ ይይዛል። ምን መያዝ እንዳለበት ግን አያውቅም።

ከዚያ መፍትሔው መጣ፤ በጣም ትንሽ ሜርካፕቶኢታኖል። እንዲፈታ እንጂ እንዲያፈርስ አይደለም። የሜርካፕቶኢታኖሉ ሰልፈር አንዱን ዳይሰልፋይድ ይገባበታል። አንዱን ሰልፈር ይዞ ሌላውን ያስለቅቃል። የተለቀቀው ደግሞ ዝም አይልም፤ አጠገቡ ያለውን ሌላ ዳይሰልፋይድ ይነካካል፤ እዚያም አንዱ ገብቶ ሌላው ይወጣል። እየተፈታ እየተያያዘ፣ እየተፈታ እየተያያዘ ይቀጥላል። 10 ሰዓት ያህል ሲያልፍ ኢንዛይሙ ሥራው ላይ ተመልሷል።

ለምን ትክክለኛው ላይ ቆመ? ዩሪያው ስለወጣ ነው። ደካሞቹ ትስስሮች አሁን መናገር ይችላሉ። ስህተት ሆኖ የተያያዘ ሰልፈር ውሃ የሚሸሹ ጎኖችን ውጭ ያስቀራል፤ ሃይድሮጅን ትስስሮችን ያበላሻል። እንዲህ ያለው አያያዝ ሲፈታ የሚያስቆጨው ነገር የለም። ትክክለኛው ግን መቶዎች ደካማ መያዣዎች በዙሪያው ስላሉለት አንዴ ከተገኘ በቀላሉ አይለቀቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የተበላ ተረት ላለመጥቀስ ብዙ ታግዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

ደካሞቹ ብቻቸውን ምን ያህል መያዝ እንደሚችሉ በዚሁ ሞሌኪውል ላይ ሌላ ሰው አሳይቷል። ፍሬድሪክ ሪቻርድስ ሰብቲሊሲን በሚባል ኢንዛይም ክሩን 20ኛውና 21ኛው አሚኖ አሲድ መሃል ቆረጠው። በዚያ በ20ው ቁራጭ ላይ ሲስቲን የለም፤ ስለዚህ የሚይዘው ዳይሰልፋይድም የለም። ቁራጩ ግን አልወደቀም። ቦታው ላይ ተቀምጦ ኢንዛይሙ መሥራቱን ቀጠለ። በግድ ሲነጣጠሉ ሁለቱም አይሠሩም። ሲቀላቀሉ እንደገና ይገጥማሉ፤ ሥራውም ይመለሳል።

ታዲያ ቁልፉ ለምን ተሰፋ?

እዚህ ላይ ወደ ሌላኛው ጫፍ መሸሽ የለብንም። ዳይሰልፋይድ ጌጥ አይደለም። ከጊዜ በኋላ ተመራማሪዎች ሲስቲኖቹን ጥንድ በጥንድ በሌላ አሚኖ አሲድ እየተኩ አንድ አንድ ዳይሰልፋይድ ነሱት። በቀሩት ሦስቱ ብቻም ይጠቀለላል፣ ይሠራልም። ግን ሙቀት የመቻል አቅሙ ይወርዳል። በተለይ 26 ከ84 ወይም 58 ከ110 ከተነሳ የሚፈርስበት ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጤነኛው 60 ዲግሪን ትንሽ አልፎ ነው የሚፈርሰው። ከዚያ ላይ 40 ሲቀነስ ምን እንደሚቀር አስቡት። የሌሎቹ ሁለቱ መጉደል ያን ያህል አይከብድም።

የሚያጸናበት መንገድ ብዙዎቻችን እንደምንገምተው አይደለም። የተጠቀለለውን ጨምቆ ስለያዘ ብቻ አይደለም። ትልቁ ሥራው የተዘረገፈውን መከልከል ነው። ክሩ ሁለት ቦታ ላይ ከታሰረ ሲዘረገፍ እንኳ ብዙ መወራጨት አይችልም። ነጻነቱ ሲቀንስ መዘርገፍ አያጓጓውም። በዚያ ስሌት ሰፊ ቀለበት የሚሠራ ትስስር ጠባብ ከሚሠራው ይበልጣል። 26 ከ84 መሃል 57 አሚኖ አሲዶች አሉ፤ 65 ከ72 መሃል ግን ስድስት ብቻ።

ከሁሉም ጀርባ ደግሞ አንድ ቀስ የሚል ነገር አለ፤ ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ። ፔፕታይድ ትስስር ብዙ ጊዜ ትራንስ የሚባለውን አቀማመጥ ነው የሚይዘው፤ ክሩ ከትስስሩ ወዲህና ወዲያ በተቃራኒ ጎኖች ይቀጥላል። ከፕሮሊን በፊት ሲሆን ግን አንዳንዴ ሲስ ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ ጎን። ራይቦኑክሊዬዝ ውስጥ 93ኛውና 114ኛው ፕሮሊኖች ሲስ ናቸው። ክሩ ተዘርግፎ ከቆየ እነዚህ ይገለበጣሉ፤ ሲመለስ እስኪስተካከሉ መጠበቅ አለበት። ያ ጠፍጣፋ ሳንቃ ያልኳችሁ ትስስር እንደልቡ አለመዞሩ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል።

ቱቦውና ሴሉ

አንፊንሰንን የከነከነው ግን ሰዓቱ ነበር። ቱቦ ውስጥ ሰዓታት የሚፈጅ ነገር ሴል ውስጥ በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ የሚያፋጥን ነገር መኖር አለበት ብሎ ፈለገ። በ1963 ቡድኑ ከጉበት ሴል ውስጥ ዳይሰልፋይድን የሚያፈራርቅ ኢንዛይም አገኘ። በዚያው ዓመት ሃንጋሪ ውስጥ ቬኔቲያነርና ስትራውብም ተመሳሳዩን ደረሱበት። ዛሬ ፕሮቲን ዳይሰልፋይድ አይሶመሬዝ ይባላል። የሚሠራው ያንኑ የሜርካፕቶኢታኖል ሥራ ነው፤ የተሳሳተውን መፍታት። የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን እሱም አይመርጥም። ምርጫው አሁንም የክሩ ነው።

ይህ ሥራ የሚካሄደው ሴሉ ውስጥ በሁሉም ቦታ አይደለም። ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም የሴሉ ውስጥ ፈሳሽ፣ ዳይሰልፋይድን የሚፈታ ግሉታታይዮን የተባለ ትንሽ ሞሌኪውል የሞላበት ስለሆነ ዳይሰልፋይድ አይበረክትበትም። ወደ ውጭ የሚላኩ ፕሮቲኖች የሚዘጋጁበት ኤንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ግን ይመቸዋል። ራይቦኑክሊዬዝ ከቆሽት ወጥቶ አንጀት ውስጥ ነው የሚሠራው። አራት ቁልፍ የተቆለፈለትም የሚሄድበት አገር አስቸጋሪ ስለሆነ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ኢንዛይሙ ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ነበር ወይስ የድሮ ቅርጹ ርዝራዥ ይዞ ቆይቶ ይሆን? በ1969 በርንድ ጉትና ብሩስ ሜሪፊልድ 124ቱን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ እያያዙ ራይቦኑክሊዬዝን ከዜሮ ሠሩ። የሚያስታውሰው የድሮ ቅርጽ ኖሮት የማያውቅ ክር ነው። እሱም አር ኤን ኤን ቆረጠ።

ጉዳዩ የማይሠራበት ቦታም አለ፤ ኢንሱሊን። ኢንሱሊን ሁለት ክሮች አሉት፣ 21 እና 30 አሚኖ አሲድ። ሦስት ዳይሰልፋይድ አለው፤ ሁለቱ ክሮቹን የሚያገናኙ፣ አንዱ በአጭሩ ክር ውስጥ። ይህን ፈትታችሁ አየር ላይ ብትተዉት በአብዛኛው በትክክል አይመለስም። ስድስት ሲስቲን ብቻ ነው ያለው፤ አያያዙም 15 ነው፤ ከራይቦኑክሊዬዝ ይቀል ነበር እኮ። ግን አይሆንም። አንፊንሰን ተሳሳተ ማለት ነው?

መልሱን ዶናልድ ስታይነር በ1967 ቺካጎ ላይ አገኘ። ቆሽት ኢንሱሊንን የሚሠራው በሁለት ክር አይደለም። መጀመሪያ አንድ ረጅም ክር ነው፤ ፕሮኢንሱሊን። እሱ ከተፈታ በኋላ በራሱ በደንብ ይመለሳል። ቁልፎቹ ከተቆለፉ በኋላ መሃሉ ተቆርጦ ይወጣል። እኛ ኢንሱሊን የምንለው የተረፈው ነው። አንድ ክር ሆኖ የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ ደካሞቹ ትስስሮች እንደ መጀመሪያው አሰባስበው የሚመልሱት ነገር የላቸውም።

ተቆርጦ የወጣው መሃል ሲ ፔፕታይድ ይባላል። እሱም አይጣልም። ከኢንሱሊኑ ጋር እኩል በእኩል ደም ውስጥ ይገባል። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወጋ ታካሚ የራሱ ቆሽት አሁንም ምን ያህል እያመረተ እንደሆነ ማወቅ ሲያስፈልግ፣ ሐኪሙ የሚያስለካው ኢንሱሊኑን ሳይሆን ያንን ቁራጭ ነው።